ያልበደለ ሰው በምን ይታረቃል?

ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ ጉንደ ወይንን ያገኛታል፤ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ አራሽ ነው፤ አራሽ ደግሞ ብቻውን አይኖርም። አጨዳ ሲደርስ በወንፈል ይተጋገዛል፤ ጎጆ ሲቀለስ ደቦ ይጠራል፤ በየወሩ ጽዋ ማኅበሩን ይጠጣል፤ እሑድ ሰንበቴው ላይ ይቀመጣል፤ ሲሞት ዕድሩ ያነሣዋል። ከዚህ ሁሉ ተቆርጦ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የተቆረጠ ሰው እህሉ ሜዳ ላይ ይረግፋል፤ ለልጁ የሚዳርለት ያጣል፤ ሬሳው ተሸካሚ አያገኝም።

ሆኖም ሰው ከሰው ተራ የሚወጣበት መንገድ አንድ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃምም ሆነ በቀረው ኢትዮጵያ የታየውን ሰብስበን ብናይ በአራት ይከፈላል፦ በፈጸመው ጥፋት የተገለለ፣ በያዘው ደዌ የተገለለ፣ ከነዘሩ የተገለለ፣ መንግሥት ባወጣለት ስም የተገለለ። አራቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ የሚያስገርም ነገር ብቅ ይላል። ባህላችን ለበደለኛው የመመለሻ በር ሠርቶለታል፤ ምንም ላልበደለው ግን አልሠራለትም። ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ይህን ነገር ነው።

ነፍሰ ገዳይ መመለሻ አለው

በምሥራቅ ጎጃም የወሰን ክርክር፣ የሚስት ጉዳይ፣ የስካር ስድብ ነፍስ እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ነፍስ ያጠፋ ሰው በዚያው ቀን ከሰው ይወጣል። ቤቱ አያድርም፤ ወይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ወይ ወገን ወዳለበት ሩቅ አገር ይሰደዳል። የሟች ወንድም ደሙን እስኪመልስ ወንድ አይባልም፤ ለቅሶው ላይ አልቃሿ በሙሾ ትወጋዋለች። የገዳይ ዘመዶችም ገበያ ሲወጡ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ግራ ቀኛቸውን እያዩ ነው። በአንድ ሰው እጅ ሁለት ቤተሰብ ሰላሙን ያጣል።

ግን ለዚህ ሰው የተጠረገ መንገድ አለ። ሽማግሌ ይላካል፤ ካህናት መስቀል ይዘው ይገባሉ። የሟች ወገን መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ እምቢታውም ወግ ነውና ሽማግሌው ሳይሰለች ይመላለሳል። የዕርቁ ቀን ሲቆረጥ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል። የደም ካሳው ይነገራል፣ ይከፈላል፤ ሁለቱ ወገኖች ይማማላሉ፤ ከአንድ ማዕድ ይቆርሳሉ። ደሙ ዳግም እንዳይነሣ ጋብቻ የሚታሰርበት ጊዜም አለ። ከዚያ ወዲያ ያን ሰው በገዳይነቱ የሚሰድበው ቢኖር ጥፋቱ የሰዳቢው ይሆናል።

የቤተ ክርስቲያን ውግዘትም እንዲሁ ነው። የተገዘተ ሰው ንስሐ ገብቶ ቀኖናውን ሲጨርስ ይፈታል። ከዕድር የተባረረም ቅጣቱን ከፍሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ ይመለሳል። ቅጣቱ የቱንም ያህል ቢከብድ ማለቂያ አለው።

ሽፍታውማ ከመመለስም አልፎ ሊከበር ይችላል። በላይ ዘለቀ ከጣሊያን ወረራ በፊት በዓባይ በረሃ የሸፈተ ሰው ነበር። ወረራው ሲመጣ ያው በረሃ ምሽጉ ሆነ፤ ያው ሽፍታ የቢቸና አርበኞች መሪ ሆኖ ደጃዝማች ተባለ። ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ዛሬ በዚያችው ከተማ ጎዳና በስሙ ይጠራል። መንግሥት ያወጣውን ሰው ሕዝብ መልሶ ያስገባዋል ማለት ነው።

በገላው የተፈረደበት

ሁለተኛው መንገድ ደዌ ነው። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በመላ ሀገሪቱ ከቤቱ ወጥቶ በየደብሩ ደጃፍና በየከተማው ዳርቻ ሲለምን የኖረ ነው። በሽታውን የሚያመጣውን ተሕዋስ ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ከዚያ በፊት የእግዜር ቁጣ፣ አለዚያም የዘር በሽታ ይባል ነበር፤ ከዚያም በኋላ በብዙ አገር መባሉ አልቀረም። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሠፈር የተቋቋመው መታከሚያ እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ አለርት ማዕከልነት አደገ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው የመድኃኒት ጥምረት ደግሞ በሽታውን ፈጽሞ የሚድን አደረገው፤ ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። ይሁንና የዳነው ሰው ወደ መንደሩ አልተመለሰም። ከአለርት ዙሪያ የተቆረቆሩት ሠፈሮች የበሽታው ሳይሆን የመገለሉ ውጤት ናቸው፤ ታክሞ የዳነው የሚመለስበት ቤት ስላልነበረው እዚያው ወልዶ ከብዶ ቀረ።

ጎጃምን በቅርብ የሚመለከተው ግን ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ነው። በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ረግጦ የሚያርስ ሰው የአፈሩ ረቂቅ ማዕድናት በቆዳው ይገቡና፣ በተፈጥሮው ተጋላጭ ከሆነ እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ይቆስላል፤ ይሸታል። ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም። ይህን በኢትዮጵያ ሲሠራ የኖረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ አስረድቷል፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም የሰጠውም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ከተቆጠሩት 51,017 ሰዎች 1,704ቱ ሕመሙ ተገኝቶባቸዋል፤ ከመቶ ሦስት ሰው ይበልጣል። በደብረ ማርቆስ አጠገብ በአነደድ ወረዳ 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። በዚያ የታየው ሕክምና ውድ አይደለም፦ እግርን በሳሙናና በውኃ አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ፣ በፋሻ ጠቅልሎ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ይህን የተማሩት ሕመምተኞች አልጋ ላይ የሚጥላቸው ትኩሳትና ሕመም ቀንሶላቸዋል።

የዚህ በሽታ መገለል ከሌላው የሚለየው በቤተሰብ ላይ መውደቁ ነው። አንድ እናት እግሯ ካበጠ ልጇ ጤነኛ ሆና ሳለ ባል ታጣለች። እናትየዋ ራሷም ሽታዋን ፈርታ ቅዳሴ ከውጭ ቆማ ታስቀድሳለች፤ ዝክር ሲደገስ ሳህኗን ይዛ ወደ ጥግ ትሄዳለች። ማንም ውጭ አላላትም፤ አስቀድሞ የተጣለ ዓይን ግን ቦታዋን አሳይቷታል። በዘር ይወርዳል የሚለው ፍርሃት ከሥሩ ጨርሶ ሐሰት አለመሆኑም ነገሩን አክብዶታል፤ ተጋላጭነት በቤተሰብ እንደሚወረስ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ሥራ ጭምር አረጋግጧል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው እንጂ እብጠቱ አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ያደረገ ልጅ አይታመምም። አማቶች ሊያውቁት የሚገባው ይህን ነበር።

ፊስቱላም ከዚሁ ወገን ነው። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ ምጥ ጠንቶባት ቀናት ትቆያለች፤ ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው። ሕፃኑ ሞቶ ይወለዳል፤ እሷም ሽንቷን መቋጠር ይሳናታል። ባል ወደ ወላጆቿ ይመልሳታል፤ ወላጆቿም ለብቻዋ ጎጆ ይቀልሱላታል። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው እ.ኤ.አ. በ1974 ሆስፒታላቸውን ከፈቱ፤ የባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ሲጀምር ሕክምናው ለጎጃም ሴቶች ቀረበ። ከታካሚዎቹ አንዷ የነበሩት ማሚቱ ጋሼ እዚያው ተምረው ቀዶ ሐኪም እስከ መሆን ደርሰዋል። ሴትየዋ ስትድን አዲስ ልብስ ለብሳ ወደ አገሯ ትሄዳለች። ፊስቱላ ሲድን ምልክት ስለማይተው ከደዌ መገለሎች ሁሉ ለመመለስ የሚቀለው ይህ ነው።

እንግዲህ በደዌ የተገለለ ሰው መመለሻው ግማሽ ክፍት ነው። መድኃኒት ገላውን ይመልሰዋል፤ ስሙን ግን ሁልጊዜ አይመልሰውም።

ምጣዱ ይገባል፤ ሠሪዋ ውጭ ትቀራለች

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም የጠበቀ ነው። የገበያ ቀን ሸክላ ተራ ሄዶ ማየት ይበቃል። ሸክላ ሠሪዋ ምጣዷን፣ ጀበናዋን፣ ድስቷን በሣር ላይ ደርድራ ትቀመጣለች። ገዢዋ ጎንበስ ብላ ምጣዱን በጣቷ መለስ አድርጋ ታንኳኳለች፤ ድምፁ ጥርት ካለ ስንጥቅ የለበትም። ትከራከራለች፣ ትከፍላለች፣ ተሸክማ ትሄዳለች። ቤቷ ወስዳ በጎመን ዘር ታሟሸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ የሚበላው እንጀራ ሁሉ ከዚያ ምጣድ ላይ ይነሣል። ሠሪዋ ግን ወደ ቤቱ ለማዕድ አትጠራም። እናት ሕፃኗን በነጠላ ከልላ ነው ከፊቷ የምታልፈው። ልጁ ማታ ሆዱን ካመመው "በቡዳ ተበላ" ይባላል፤ የዚያን ቀን ማን እንዳየው ይታሰባል።

ማረሻና ማጭድ የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ምራንና ጠፍር የሚያወጣው ቆዳ ፋቂ፣ ሸማኔውም በየአካባቢው በተለያየ መጠን ይህን ቀንበር ተሸክመዋል። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ተወርቶባቸዋል። የሚናቀው ሥራው ነው እንዳይባል የብራና ነገር ያፋልሰዋል። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም የመጻሕፍት አገሮች ናቸው። የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ አለስልሶ ብራና የሚያወጣው ሰው መምህር ወይም መሪጌታ ይባላል። ያንኑ ቆዳ ወጥሮ ፍቆ መጫኛ የሚያወጣው ሰው ይናቃል። ቆዳው አንድ፣ መፋቂያው አንድ፣ ሽታው አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ከፋቂው ጀርባ ባለው ነገር ነው፦ አንዱ ርስት አለው፣ አንዱ የለውም።

ምክንያቱን ያጠኑ ሰዎችም ወደዚሁ ያመራሉ። አሜሪካዊው አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የደጋ ዳሞት ጥናት፣ በጎጃም ርስት የሚገኘው ከጥንት አባት ትውልድ ቆጥሮ መሆኑን በዝርዝር አሳይቷል። መቁጠር የማይችል ሰው መሬት የለውም። ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ መንዝ በጻፈው ጥናት የቡዳን እምነት ባለ መሬቱ ጨዋ መሬት የለሹን ሙያተኛ ከሚፈራበት ፍርሃት ጋር አያይዞታል። የታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ክዊሪን ደግሞ በቤተ እስራኤል ታሪክ ቅደም ተከተሉን ያሳያል። በትውፊቱ መሠረት ዐፄ ይስሐቅ (ከ1414 እስከ 1429 እ.ኤ.አ. የነገሠው) ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም ብሎ ደነገገ። መሬት ያጡት ሰዎች ወደ ብረትና ሸክላ ሥራ ገቡ፤ ሥራው የእነሱ መታወቂያ ሲሆን የጅብ ወሬው ተከተለ። መጀመሪያ መሬት ተወሰደ፤ ቀጥሎ ሙያው ተናቀ፤ ተረቱ የመጣው በመጨረሻ፣ የተደረገውን ትክክል ለማስመሰል ነው።

ይህ ሥርዓት ሌላውንም ነክቷል። በጎጃም ሙስሊሞች ለዘመናት ከርስት ውጭ ሆነው በንግድና በሽመና ኖረዋል፤ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ሲቃጠሉ ያ አሮጌ ባይተዋርነት ጨርሶ እንዳልሞተ ታይቷል። በጣና ዳር ነገደ ወይጦዎች ደንገል አጭደው ታንኳ እየሠሩ፣ የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ከማዕድ ተለይተው ኖረዋል። በዘጌ የባርያ ዘር የተባሉት ሰዎች ታሪክ ከቡዳ ፍርሃት ጋር እንዴት እንደ ተጋመደ ቶም ቦይልስተን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ መርምሯል። ወደ ደቡብ ስንወርድ በከፋ ማንጆዎች፣ በጉራጌ ፉጋዎች አሉ፤ ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት ያዘጋጁት ጥናት እነዚህን ማኅበረሰቦች በስፋት ዳሷል።

ስም የተለጠፈባቸው

አራተኛው መንገድ አጭር ነው፤ የመጣውም ከላይ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት ሲሸነሸን በደርግ ዘመን የቀበሌና የገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች "ቢሮክራት"፣ የቀድሞ ባለ ርስቶች ደግሞ "ፊውዳል" ተባሉ። ቢሮክራት የተባለው ገበሬ ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። ሊቀ መንበር የነበረውም፣ ማንበብ ስለቻለ ብቻ ጸሐፊ ተደርጎ የተመረጠውም በአንድ ስም ተጠሩ። ከጎጃም የተነሡ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ደግፈዋቸው ወጡ። ሽንሸናው ግን አልተመለሰም።

ይህ የመጨረሻው ከሦስተኛው የሚለየው በዕድሜው ነው። "ቢሮክራት" የሚለው ስም ከባለቤቱ ጋር ያረጃል፤ የልጅ ልጁን "የቢሮክራት ዘር" ብሎ ጋብቻ የሚከለክለው የለም። መንግሥት መሬት መንጠቅ ይችላል፤ አጥንት መቁጠር ግን የመንደር ሥራ ነው።

ዐዋጅ የማይገባበት ቤት

መገለልን በዐዋጅ ለመሻር የተሞከረው ዛሬ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን በሥራው መስደብ ንጉሡን እንደ መስደብ ይቆጠራል ብለው ዐወጁ፤ ሙያተኛ እየተሰደበ ሀገር እንደማይለማ ገብቷቸው ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በሕግ ተሻረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ደግሞ ትውልድ ሳይቆጥር ያረሰ ሁሉ መሬት አገኘ፤ የመገለሉ ሥር መሬት ከሆነ ያን ቀን መነቀል ነበረበት። ብዙ ነገር ተለውጧል። የሙያተኛው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ መምህር ሆኗል፣ ከተማ ሄዶ ነግዷል። ሰድቦ መሄድ ቀርቷል፤ አብሮ መብላትም በብዙ ቦታ ተለምዷል።

አንድ ቤት ግን አልተከፈተም። ልጅ ለትዳር ሲጠየቅ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ዝቅ ባለ ድምፅ አጥንት ይቆጥራሉ፦ ቡዳ አለበት? ቁምጥና አለበት? የባርያ ደም አለበት? ደዌውም፣ ሙያውም፣ ባርነቱም በአንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ። ዲግሪ ያለው ወጣት ምክንያቱ ሳይነገረው "ልጅቱ ገና ተማሪ ናት" ተብሎ ይመለሳል። በዚያው ሸንጎ "ነፍሰ ገዳይ አለበት?" ተብሎ ቢጠየቅ፣ ታርቆ ከሆነ ነውር አይሆንም፤ ጭራሽ "የጀግና ዘር ነው" የሚልም አይጠፋም።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ጃፓን ቆዳ ፋቂዎችና ከብት አራጆች የነበሩትን ወገኖቿን እ.ኤ.አ. በ1871 በሕግ እኩል አድርጋለች፤ ሕንድ የማይነኩ ማለትን እ.ኤ.አ. በ1950 በጸናው ሕገ መንግሥቷ ሽራለች፤ በናይጄሪያ ኢግቦዎች ዘንድ ኦሱ የሚባሉትን ማግለል የምሥራቁ ክልል እ.ኤ.አ. በ1956 ከልክሏል። በሦስቱም አገር ሕጉ ገበያና ትምህርት ቤት ሲገባ በሠርግ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሟል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" ይህን ነገር በዚሁ አገር፣ በዲማ ዙሪያ ተክለውታል። የዘር ትምክህት ከንቱ መሆኑን በአደባባይ የሚናገረው ሰው በልቦለዱ ውስጥ ካሣ ሳይሆን ጉዱ ካሣ ነው የሚባለው። ሥርዓቱ ያወጣቸውን ሰዎች ወገን የሚሆን ሰው እርሱ ራሱ ይወጣል፤ ዛሬም ልጁን ለሸክላ ሠሪ ልጅ ልዳር ያለ አባት መጀመሪያ የሚገጥመው ያው ስም ነው።

ፍርዱ

ሽምግልናችን የሚያውቀው አንድ አካሄድ ነው፦ በዳይ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ተበዳይ ይቅር ይላል። ይህ አካሄድ ደም ያደርቃል፤ ስለዚህም ነፍሰ ገዳይ ይመለሳል። ሸክላ ሠሪዋ ግን ሽማግሌ ፊት ብትቀርብ ምን ብላ ይቅርታ ትጠይቃለች? ድንጋይ የምትሸከምበት ጥፋት የላትም፤ ካሳ የምትከፍልበት ደም አላፈሰሰችም። በደል ስለሌላት ዕርቅ አጣች። ለትውልድ ተዘግቶባት የኖረውም በሩ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን የተሠራው ለሌላ ሰው ስለሆነ ነው።

ይህ ማለት በዚህ ጉዳይ በዳዩ ሌላ ነው ማለት ነው። ምጣዱን ገዝቶ ሠሪዋን ያልጋበዘው፣ ማረሻውን አሠርቶ የቀጥቃጩን ልጅ "አጥንቱ ምንድን ነው?" ያለው፣ እግሯ ያበጠውን እናት በዓይኑ ወደ ጥግ የሸኘው ሰው ነው ዕዳ ያለበት። ሽማግሌ፣ ነፍስ አባትና የዕድር ዳኛ ደም ሲያደርቁ የኖሩበትን ጥበብ ወደዚህ ሊያዞሩት ይችላሉ። ነፍስ አባት ለንስሐ ልጁ ደዌ ዘር እንዳልሆነ፣ ሙያ ነውር እንዳልሆነ መናገር አይከብደውም፤ የዕድር ዳኛ በመተዳደሪያው ላይ አባልን በሙያው ወይም በደዌው ማግለል ያስቀጣል የሚል አንድ አንቀጽ መጨመር ይችላል። ሽማግሌውም አጥንት ቁጠርልን ሲባል እምቢ ማለት ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ሦስተኛው ነው፤ መገለል የሚያበቃውም እርሱ የተደረገ ዕለት ነው።